የቤት ኮምፒውተር ምንድን ነው?

ስሙ ያሳስታል። የቤት ኮምፒውተር ሲባል ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ዴስክቶፕ ትዝ ይላል። እሱ አይደለም። ፈረንጆቹ ሆም ኮምፒውተር የሚሉት የአንድ ዘመን ዕቃ ነው። በ1977 ገደማ ተወለደ፤ 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አለቀለት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በእኛ ዘመን ከደርግ ጋር ኖሮ ከደርግ ጋር ሞተ ቢባል ብዙም አያሳስትም።

ምን ይመስላል ካላችሁ፣ ወፍራም ኪቦርድ ይመስላል። ኮምፒውተሩ ያለው እዚያው ኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ነው። አብዛኛው የራሱ ስክሪን የለውም፤ አንቴናው ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ የቤቱን ቴሌቪዥን ይጠቀማል። ሃርድ ዲስክም የለውም። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው ዘፈን በምንቀዳበት በዚያው ካሴት ላይ ነው። ስታበሩት ግን እንደ ዛሬዎቹ አያስጠብቅም። ወዲያው ቤዚክ በሚባል ቀላል የፕሮግራም ቋንቋ ትእዛዝ ይጠብቃል። ጌም ለመክፈት እንኳ ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የዚያ ዘመን ልጆች ሳያውቁት ፕሮግራመር ሆነው የተገኙት።

አንድ ወዳጄ ሰባት አለው። ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ለብርጭቆ ተብሎ በተሠራ ቡፌ ላይ ደርድሯቸዋል። ባለቤቱ «ሙዚየሙ» ትለዋለች። ጠዋት ጠዋት በመስኮት «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሲያልፍ «ልጥራልህ?» ትለዋለች። እኔም መጀመሪያ ሳያቸው አሮጌ ኪቦርድ የሚሰበስብ መስሎኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየጠጣን አንድ በአንድ አስነካካኝ። አንዱም ሌላውን አይመስልም። የዛሬን ላፕቶፕ ከሌላው የምንለየው ክዳኑ ላይ ባለው ስም ነው። እነዚህን ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ብቻ ትለያላችሁ።

ዜድኤክስ ስፔክትረምን እንውሰድ። እንግሊዛዊው ሲንክሌር በ1982 ያወጣው ነው። ቁልፎቹ ላስቲክ ናቸው፤ ስትጫኗቸው ማስቲካ የነካችሁ ይመስላችኋል። አንድ ቁልፍ ላይ አራት አምስት ነገር ተጽፎበታል። ርካሹ 125 ፓውንድ ነበር፤ ሚሞሪው 16 ኪሎባይት። በቴሌግራም የምትልኩት አንድ ፎቶ እንኳ እዚያ ውስጥ አይገባም። ሰዎች ግን ጌም ጻፉበት፣ ሂሳብ ሠሩበት።

ከጎኑ ኮሞዶር 64 አለ። አሜሪካዊ ነው፤ እሱም በ1982 በ595 ዶላር ወጣ። ቡናማና ጎበጥ ያለ ነው፤ ፈረንጆቹ በዳቦ ማስቀመጫ ሣጥን ይመስሉታል። የሱ ጉድ ድምፁ ነው። ሲድ የሚባለውን የድምፅ ቺፕ የነደፈው ቦብ ያንስ ነው፤ በኋላ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆነ። ወዳጄ አንድ የድሮ ጌም ሲከፍትልኝ ጌሙን ረስተን ሙዚቃውን ብቻ ስንሰማ ቆየን። ቡናው ቀዘቀዘ።

ጁፒተር ኤስ የሚባልም ነበር። እሱ ጭራሽ ቤዚክን ትቶ ፎርዝ በሚባል ሌላ ቋንቋ ነበር የሚያወራው። ገዢ አላገኘም፤ ሰብሳቢ ግን ዛሬ ይሻማበታል።

የኔ ልብ ያለው ጋላክሲያ ላይ ነው። በ1983 ዩጎዝላቪያ ውስጥ ቮያ አንቶኒች የሚባል ሰው ነደፈው። አገሪቱ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ጥብቅ ገደብ ነበራት፤ ኮምፒውተር እንደልብ አይገባም። እሱ ምን አደረገ? ንድፉን ለመጽሔት ሰጠ። አንባቢው ቺፑን ገዝቶ፣ ካውያውን አግሎ፣ እቤቱ በየደ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በገዛ እጁ ኮምፒውተር ሠራ። ፕሮግራሙን ደግሞ ራዲዮ ያስተላልፍ ነበር። ካሴት ላይ ያለ ፕሮግራም እኮ ሲያጫውቱት ጩኸት ነው፤ ጩኸት ደግሞ በሬዲዮ ይሄዳል። አድማጩ ቴፑን ከሬዲዮው አጠገብ አድርጎ ይቀዳል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭናል። ሆላንድም ተመሳሳይ ስርጭት ነበር። ወዳጄ ጋላክሲያ የለውም። ካገኘ ቡፌውን ከነብርጭቆው ይሸጣል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ለምን ይህን ያህል ዓይነት በዛ? ቺፕ ስለረከሰ ነው። በ1975 ሞስ የሚባል ኩባንያ 6502 የተባለውን ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩን ልብ፣ በ25 ዶላር ይዞ መጣ። ያኔ የሌሎቹ ዋጋ በመቶ ዶላሮች ነበር። በዓመቱ ዚ80 ተከተለ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ለመሥራት ግዙፍ ፋብሪካ መሆን ቀረ። ጥቂት ኢንጂነርና ትንሽ ገንዘብ ያለው ሁሉ ሞከረ። ዌልስ ውስጥ ድራጎን ተሠራ፣ ካምብሪጅ ውስጥ አኮርን ለቢቢሲ ትምህርታዊ ፕሮግራም ማሽን አወጣ፣ ምሥራቅ ጀርመን የራሷን ሠራች። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው የሚል ሕግ ገና አልነበረም። ሁሉም የመሰለውን አደረገ።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። የመሰለውን ያደረገ ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር አይግባባም። የኮሞዶር ካሴት ስፔክትረም ላይ አይሠራም። ስፔክትረምና ሌላ ዚ80 ያለበት ማሽን ልባቸው አንድ ሆኖ እንኳ ቋንቋቸው ለየብቻ ነው። ፍሎፒውም እንደዚያው፤ መልኩ አንድ፣ አጻጻፉ ሌላ።

ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ የፊደል ቁጥር ሳይለመድ በፊት የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ቀምሶታል። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ያስተየብኩት አራት ኪሎ ነበር። በፍሎፒ ይዤው ፒያሳ ወረድኩ፤ እዚያ ፕሪንት ርካሽ ነው ተብዬ። ልጅቷ ፋይሉን ስትከፍተው ስክሪኑን የፈረንጅ ፊደልና የማይታወቅ ምልክት ሞላው። ሁለት ወር የለፋሁበት አማርኛ ተንጫጫ። እሷ አልደነገጠችም፤ በቀን አሥር ጊዜ የምታየው ነገር ነው። «ፎንቱ እኛ ጋ የለም ወንድሜ፣ የተጻፈበት ቦታ ይመለሱ» አለችኝ። ዳገቱን በእግሬ ተመለስኩ።

ምን ሆኖ ነው? ለኮምፒውተር ፊደል ማለት ቁጥር ነው። የዚያ ዘመን ፎንት ደግሞ 256 ቦታ ብቻ ነበረው። የኛ ፊደል ከነቁጥሩ ከነነጥቡ ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ ፓወር ግዕዝም፣ ቪዥዋል ግዕዝም፣ ሌሎቹም ፊደሉን በየራሳቸው ዘዴ ከፋፍለው አስገቡት። አንዱ ለ«ሀ» የሰጠውን ቁጥር ሌላው ለሌላ ፊደል ሰጠው። ሁሉም ጎበዝ ሥራ ነበር፣ ሁሉም ደሴት ነበር። በ1999 ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ተወሰነ። ቀስ በቀስ ዳገቱን መመለስ ቀረ። ከነዚያ ፎንቶች አንዳንዶቹ እጅግ ያማሩ ነበሩ፤ አሁን የሚያስታውሳቸው የለም።

የቤት ኮምፒውተሮቹንም የበላቸው ይኸው ነገር ነው። እዚያ ግን አንድ ቁጥር የሰጠው ኮሚቴ አልነበረም። አጋጣሚ ነበር።

በነሐሴ 1981 አይቢኤም ፒሲውን አወጣ። ለቤት ሳይሆን ለቢሮ የሚሆን፣ 1,565 ዶላር የሚጀምር፣ ድምፁ ጢጥ ብቻ የሆነ ደረቅ ማሽን። ኩባንያው ስለቸኮለ ክፍሎቹን ከገበያ ገዝቶ ገጣጠማቸው። ፕሮሰሰሩ ከኢንቴል፣ ዶስ የተባለው ሲስተም ከማይክሮሶፍት። ማይክሮሶፍት ደግሞ ዶስን ለሌላም የመሸጥ መብቱን አስቀርቶ ነበር። የአይቢኤም የብቻው ንብረት የነበረው ባዮስ የሚባለው ነው፤ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ትንሽ ፕሮግራም።

ያንን መቅዳት በሕግ ያስከስሳል። ኮምፓክ የተባለ አዲስ ድርጅት መላ ዘየደ። የባዮሱን ጽሑፍ ያነበቡት ሰዎች ምን እንደሚሠራ ብቻ ጻፉ። ጽሑፉን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሌሎች ሰዎች ደግሞ ያንን መግለጫ ይዘው ከባዶ ተነስተው አዲስ ሠሩ። ሥራው አንድ፣ ጽሑፉ ሌላ። ከሳሽ ምን ይበል? በ1983 ኮምፓክ አይቢኤም ሳይሆን የአይቢኤምን ፕሮግራም የሚያሠራ ማሽን ይሸጥ ጀመር። በዓመቱ ፊኒክስ የሚባል ኩባንያ ተመሳሳይ ባዮስ ሠርቶ ለፈለገ ሁሉ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ክሎን የሚባለው፣ አይቢኤምን አስመስሎ የተሠራ ፒሲ፣ እንደ አሸን ፈላ። እኛ ጋ «ኮምፓቲብል» ሲባል የኖረው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። የቢሮ ሰው ሲገዛ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ ሎተስ 1-2-3 የሚባለውን የሂሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ይከፍታል? ከከፈተ ኮምፓቲብል ነው።

የቤቶቹ ኩባንያዎች ግን እርስ በርስ በዋጋ ይተራረዱ ነበር። ኮሞዶር 64 በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 200 ዶላር ወረደ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ማሽኑን 99 ዶላር ድረስ አውርዶ፣ ከስሮ፣ በ1983 መገባደጃ ከቤት ኮምፒውተር ገበያ ወጣ። በዚያው ዓመት ጃፓኖች ኤምኤስኤክስ የሚል የጋራ ደንብ አወጡ፤ ሶኒም ፊሊፕስም ሌሎቹም በአንድ ንድፍ ሠሩ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ጃፓንና ብራዚል ውስጥ ሰመረ፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ቦታ አላገኘም።

የሚያንገበግበኝ አሚጋ ነው። ኮሞዶር በ1985 ያወጣው። 4,096 ቀለም ያሳያል፣ በአራት ቻናል ስቴሪዮ ይዘፍናል፣ ብዙ ፕሮግራም አንድ ላይ ያሠራል። ያን ጊዜ የቢሮው ፒሲ በተለመደው የቀለም ካርድ አራት ቀለም ነበር የሚያሳየው። ግን ሰው ማሽን ለብቻው አይገዛም። የመሥሪያ ቤቱን ፍሎፒ እቤቱ መክፈት ይፈልጋል፣ ጓደኛው ያለውን ፕሮግራም መገልበጥ ይፈልጋል፣ ሲበላሽ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል። ክሎኑ በየዓመቱ እየረከሰና እየፈጠነ መጣ፤ አሚጋ የሚሠራው አንድ ኩባንያ ብቻ ነበር። ኮሞዶር በሚያዝያ 1994 ከሰረ። «ከሁሉም ምርጡ ያሸንፋል» የሚሉኝን ሰዎች ግንፍሌ ወስጄ አሚጋውን ላሳያቸው እፈልጋለሁ።

አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን መሰብሰብ የራሱ ጣጣ አለው። ወዳጄ አብዛኞቹን በዘመድ ሻንጣ ነው ያስመጣው። ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ከእንግሊዝና ከጀርመን ግዛ ይላል። መብራታችን 220 ቮልት ነው፣ ቴሌቪዥናችን ፓል በሚባለው የሥዕል ስርጭት ዘዴ የሚሠራ፤ የነሱ ማሽን ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል። የአሜሪካው 110 ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ጢሱን ነው የምታዩት። ባለ ቱቦውን አሮጌ ቴሌቪዥን መርካቶ ምናለሽ ተራ ተከራክሮ ገዛው። ሻጩ ለምን እንደፈለገው ሲነግረው አዝኖለት ይሁን ፈርቶት ዋጋ ቀነሰለት።

ከገዙ በኋላ ደግሞ እንደ ሽማግሌ መንከባከብ ነው። የአንዳንዶቹ ቦርድ ላይ ያለችው ባትሪ አፍስሳ መዳቡን ትበላለች፤ ማሽን እንደገባ መጀመሪያ ከፍቶ እሷን መንቀል ነው። የኮሞዶር 64 የድሮ ፓወር ሲበላሽ ከልክ በላይ ቮልት ልኮ ሚሞሪውን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሳይለኩት አይሰካም። የቴፑ ቀበቶ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ነጩ ፕላስቲክ ደግሞ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ይቢጫል፤ ፕላስቲኩ እሳት እንዳይዘው የተጨመረበት ብሮሚን ከብርሃንና ከዕድሜ ጋር ተዳምሮ የሚያመጣው ነው ይባላል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማዋል ይመልሰዋል። የኛን የጥር ፀሐይ የሚያህል ለዚህ ሥራ የለም። ባለቤቱ በረንዳ ላይ በርበሬ ስታሰጣ እሱ ከጎኗ ኪቦርድ ያሰጣል።

ያን ቅዳሜ መጨረሻ ላይ ስፔክትረሙን አበራው። ካሴት ማጫወቻው እንደገና ቀበቶው ስለተበጠሰ ስልኩን አወጣ፤ የጌሙን ጩኸት እንደ ዘፈን ስልኩ ላይ ጭኖታል። በሽቦ አገናኘው። ቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ባለቀለም መስመር ይራወጥ ጀመር። በዚህ መሀል ነው ስለ ስልኩ የነገረኝ። አኮርንና ሲንክሌር ሁለቱም የካምብሪጅ ድርጅቶች፣ የአንድ ከተማ ባላንጣዎች ነበሩ። የቢቢሲን ኮምፒውተር ለመሥራት ተፎካክረው አኮርን አሸነፈ። አኮርን በ1985 አርም የሚባል ፕሮሰሰር ሠራ፤ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ባለው ስማርት ስልክ ውስጥ ያለው የዚያ ልጅ ነው።

«ስለዚህ አሁን» አለ ወደ ሽቦው እያመለከተ፣ «አኮርን ሲንክሌርን እያጎረሰው ነው።»

አምስት ደቂቃ ያህል ጮኸ። ሊጨርስ ሲል መብራት ጠፋ።