የመመረቂያ ጥናት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢም ሆነ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የመመረቂያ ጥናት የጀመረ ሰው ከሲኒየሮቹ ብዙ ምክር ይወርሳል። ግማሹ ይጠቅማል። ሌላው ግማሽ ፕሮፖዛል ያሳልፍ ይሆናል እንጂ፣ ዲፌንስ ላይ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ፈታኝ «ይህን ለምን አደረግህ?» ሲል አፍ ያስይዛል። በብዛት የሚሰሙት እነሆ።

«ናሙናው 384 ከሞላ ማንም አይነካህም»

384 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ሦስት ነገር ተገምቶ የሚወጣ ነው፦ የምናጠናው ጉዳይ በግማሹ ሕዝብ ላይ እንደሚገኝ (50 በመቶ)፣ የእርግጠኝነት ደረጃው 95 በመቶ እንደሆነ፣ የሚፈቀደው ስህተት 5 በመቶ እንደሆነ። 1.96 (የ95 በመቶ እርግጠኝነት ቁጥር) በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በ0.5 እና እንደገና በ0.5 ተባዝቶ፣ ለ0.0025 (0.05 በራሱ ተባዝቶ) ሲካፈል 384.16 ይመጣል። 50 በመቶ የሚወሰደው ቀደም ያለ ጥናት ሲጠፋ ነው። ደቡብ ወሎ ላይ የተሠራ ተመሳሳይ ጥናት 20 በመቶ ካገኘ፣ በዚሁ ቀመር 246 ሰው ይበቃል።

አደጋው ያለው ብርቅ የሆነ ነገር ሲጠና ነው። ከመቶ ሰው አራቱ ላይ ብቻ የሚገኝን ችግር በ5 በመቶ ስህተት ያሰላ ተማሪ፣ ቀመሩ «60 ሰው ይበቃል» ይለዋል። ከ60 ሰው ችግሩ የሚገኝበት ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነው፤ በሦስት ሰው ምን ዓይነት ሬግሬሽን (የተለዋዋጮች ዝምድና ትንተና) ይሠራል? የሚፈቀደው ስህተት 4 በመቶ ከሆነው ግምት ሊበልጥ አይገባም ነበር። ወደ 1 በመቶ ሲጠብብ የሚፈለገው ናሙና 1,476 ይደርሳል። ለዚህ የሚሆን ጊዜና ገንዘብ ከሌለ መቀየር ያለበት ርእሱ ነው።

ናሙናው የሚወሰድበት መንገድም ቁጥሩን ይለውጠዋል። ደሴ ላይ አራት ቀበሌ በዕጣ አውጥቶ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚጠይቅ ሰው፣ የሚያገኛቸው ጎረቤታሞች ናቸው። አንድ የውኃ መስመር ይጠጣሉ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፣ መልሳቸውም ይመሳሰላል። ስለዚህ መቶ ጎረቤታም፣ ከከተማው ሁሉ የተለቀመ መቶ ሰው ያህል መረጃ አይሰጥም። ይህን ለማካካስ ብዙዎች ዲዛይን ኢፌክት የሚባለውን 2 አድርገው ስለሚወስዱ 384 ወደ 768 ያድጋል። አቅም ካጠረ የሚሻለው ቀበሌዎቹን አብዝቶ በየቀበሌው የሚገባበትን ቤት መቀነስ ነው። ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት መውረዱ ይጨምራል፤ መረጃው ግን ይጠራል።

የሚጠናው ሕዝብ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ናሙናው ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ላይ 1,200 ሠራተኛ ያለውን ፋብሪካ የሚያጠና ተማሪ፣ 384ን ለ(1 + 384÷1,200) አካፍሎ 291 ያገኛል። የቢዝነስ ተማሪዎች የሚወዱት፣ የሕዝቡን ብዛትና የሚፈቀደውን ስህተት ብቻ የሚጠይቀው የያማኔ ቀመርም በ5 በመቶ ስህተት ሕዝቡ የፈለገውን ያህል ቢበዛ ከ400 አያልፍም፤ ያም 50 በመቶን ውስጥ ውስጡን ይዞ የሚሄድ ቀመር ነው።

ርእሱ ላይ «የደሴ እና የኮምቦልቻ ንጽጽር» የሚል ካለ 384ን ለሁለት ከተማ ማካፈል አያዋጣም። አንዱ ከተማ 50፣ ሌላው 40 በመቶ ይሆናል ተብሎ ሲገመት፣ ያንን ልዩነት በ80 በመቶ አቅም (ልዩነቱ በእርግጥ ካለ የማግኘት ዕድል) ለማየት በእያንዳንዱ ከተማ 385 ገደማ ሰው ያስፈልጋል፤ በድምሩ 770። ያው ቁጥር እንደገና ብቅ ማለቱ አጋጣሚ ብቻ ነው።

በመጨረሻ «ለማይመልሱ» ተብሎ የሚጨመረው 10 በመቶ አለ። 384 ላይ 10 በመቶ ተጨምሮ 423 ይባላል። 10 በመቶው በእርግጥ ካልመለሰ የሚተርፈው 381 ሰው ነው፤ ከታቀደው በታች። ትክክለኛው 384.16ን ለ0.9 ማካፈል ነው፤ 427 ይመጣል። ልዩነቱ የአራት ሰው ቢሆንም የፈታኝ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ነው።

«ዳታ ከተሰበሰበ ሥራው አልቋል፤ ኤስፒኤስኤሱን ሰው ይሠራልሃል»

ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚሠራውን ትንተና ከፍሎ ማሠራት የተለመደ ሆኗል። የሚከፈለው ሰው ግን መጠይቁን አያውቀውም። አንድ ምሳሌ እንይ። ዕድሜውን ያልተናገረ ተጠያቂ 99 ተብሎ ይመዘገባል። ኤስፒኤስኤስ ውስጥ «ቫሪያብል ቪው» በሚባለው ገጽ ላይ 99 «ሚሲንግ» (የጎደለ መልስ) ተብሎ ካልተነገረው፣ ሶፍትዌሩ የ99 ዓመት አዛውንት አድርጎ ይቆጥረዋል። ከ400 ሰው 380ው አማካይ ዕድሜያቸው 30 ቢሆንና 20ው ዕድሜያቸውን ባይናገሩ፣ አማካዩ 33.45 ሆኖ ይወጣል። ስህተቱ ዓይን ስለማይወጋ ማንም ሳያየው ይጠረዛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከማንኛውም ትንተና በፊት የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ድግግሞሽ አውጥቶ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር መመልከት፣ ከዚያ የተጠራጠሩትን ፎርም በመለያ ቁጥሩ ፈልጎ ማመሳከር። ፎርሙ ላይ መለያ ቁጥር ያልጻፈ ይህን ማድረግ አይችልም።

«የድጋፍ ደብዳቤ ካለ የሥነ ምግባር ፈቃድ አያስፈልግም»

ሁለቱ የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። የድጋፍ ደብዳቤ «ተማሪያችን ነውና ተባበሩት» ይላል። የሥነ ምግባር ፈቃድ ግን ገምጋሚ ኮሚቴ ፕሮፖዛሉን፣ መጠይቁንና የስምምነት ቅጹን አንብቦ በቁጥርና በቀን የሚሰጠው ነው፤ መረጃ ከተሰበሰበ በኋላ አይሰጥም። ፈቃድ ሳይኖር የተሰበሰበ መረጃ ይዞ ጆርናል የሚልክ ሰው፣ ጽሑፉ ለገምጋሚ እንኳ ሳይደርስ ይመለስለታል። ኮምቦልቻ አካባቢ አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ተጠያቂዎች ስላሉ፣ የስምምነት ቅጹም መጠይቁም በሚገባቸው ቋንቋ መቅረብ አለበት። ትርጉሙን ሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ መልሶ ሲያነጻጽረው ነው የሚታመነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ በምስክር ፊት ይነበብለታል።

«ተርኒቲን ከ20 በመቶ በታች ካለ ንጹሕ ነው»

ተርኒቲን ጽሑፍን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያነጻጽር ሶፍትዌር ነው፤ የሚለካው መመሳሰልን ነው እንጂ ስርቆትን አይደለም። የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝርና የተለመዱ የዘዴ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። በሌላ በኩል አንድ ሙሉ ገጽ ከሌላ ሰው ቴሲስ የተገለበጠበት ባለ መቶ ገጽ ሥራ 1 በመቶ ብቻ ያሳይ ይሆናል፤ ስርቆት ግን ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ የተወሰደውንማ ሶፍትዌሩ በቀላሉ አያገኘውም። ሪፖርቱን ከፍቶ ቀለም የተቀባውን አንቀጽ በአንቀጽ ማየት እንጂ፣ ከላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ማየት ዋጋ የለውም።

«ገንዘብ የሚጠይቅ ጆርናል ሁሉ ሌባ ነው»

አይደለም። ክፍት ሆነው የሚታተሙ ብዙ ትልልቅ ጆርናሎች ከደራሲው ያስከፍላሉ፤ የማያስከፍሉም አሉ፤ አቅም ለሌለው አገር ደራሲ ክፍያ የሚቀንሱ ወይም የሚተዉም አሉ። ይህ ግን ጽሑፉ ሲላክ ነው የሚጠየቀው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙዎቹ አይሰሙም። ሌባው የሚታወቀው በሌላ ነው፦ «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ ለማስተርስ ተማሪ ኢሜይል ይልካል፣ በሦስት ቀን እቀበላለሁ ይላል፣ ኢምፓክት ፋክተሩን (ጽሑፎቹ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳይ መለኪያ) የሰጠው ድርጅት ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሲያጣሩ የክፍት ጆርናሎች ማውጫ በሆነው ዲኦኤጄ መፈለግ፣ የጆርናሉ መለያ የሆነውን የአይኤስኤስኤን ቁጥር ማመሳከር፣ ከአዘጋጆቹ ሁለቱን በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ገጽ መፈለግ ይበቃል። ስኮፐስ በሚባለው የጆርናሎች የመረጃ ቋት ላይ አለ ከተባለም ዛሬም መኖሩን ስኮፐስ ላይ ገብቶ ማየት ነው፤ የተሰረዙ ብዙ ናቸው። ጄፍሪ ቢል የተባለ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያወጣው የነበረው የተጠርጣሪ ጆርናሎች ዝርዝር በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ስለወረደ፣ እሱ ውስጥ አለመኖር የንጽሕና ምስክር አይሆንም።

«የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ስም ይገባል»

የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ በደራሲነት ለመጠቀስ አራት መስፈርት አለው፦ በሐሳቡ፣ በንድፉ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ተጨባጭ ድርሻ፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፤ የመጨረሻውን ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። ደብዳቤ የፈረመ ሰው ምስጋና ላይ ይጠቀሳል። ሲኒየሮች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ ቢሆንም መስፈርቱ ይህ ነው።

«የካርድ ጥናት ቀላል ነው፤ ሰው መጠየቅ የለበትም»

የሆስፒታል ካርድ ለሕክምና የተጻፈ ነው እንጂ ለተመራማሪ አይደለም። ክብደት አይመዘገብም፣ ውጤት ይጎድላል፣ የሁለት ሰው ጽሑፍ አይገጣጠምም። እዚህ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ጦርነቱ ከጥቅምት 2014 መገባደጃ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የጤና ተቋማትም ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፈዋል። ከ2012 እስከ 2016 ያለውን የአምስት ዓመት ካርድ የሚያጠና ተማሪ በዚያ ጊዜ ታካሚ ቢቀንስበት በሽታው ቀነሰ ብሎ መጻፍ አይችልም፤ ካርዱ ጠፍቶ፣ ታካሚውም ተፈናቅሎ ሊሆን ይችላል። የሚደረገው በየወሩ የተገኘውንና ያልተገኘውን ካርድ ለየብቻ ቆጥሮ ሰንጠረዥ ማውጣት፣ ከካርዱ ሌላ መዝገብ ቤት ያለውን የምዝገባ መጽሐፍ ማመሳከር፣ የጎደሉትን ወራት ከአዝማሚያ ትንተናው አውጥቶ ደግሞ ማስላት ነው። ሁለቱም ውጤት ጎን ለጎን ይቀርባል፤ ግራፉ ላይ እነዚያ ወራት በተለየ ቀለም ተለይተው ምክንያቱ ከሥሩ ይጻፋል።