ባንድ መቀመጫ አብዝቶ መጠጣት ምንድን ነው?

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጠጪ አይደለሁም፤ ቅዳሜ ብቻ ነው።»

ይህን ያለኝ የ17 ዓመት የዘመድ ልጅ ነው። አልዋሸም። ከእሁድ እስከ ዓርብ መጠጥ የሚባል ነገር አይነካም። ቅዳሜ ማታ ግን ከጓደኞቹ ጋር ስድስት ሰባት ቢራ ያወርዳል፤ መሃል ላይ አንድ ሁለት ደብል ጂን ይገባል። እሁድን አንጎበሩን ታቅፎ ይውላል።

እኛ ጠጪ ስንል በዓይናችን የሚመጣው በየቀኑ ከመሸታ ቤት የማይጠፋው ሰውዬ ነው። ስለዚህ የዚህ ልጅ አጠጣጥ ስም የለውም። የሕክምና ሰዎች ግን ለይተው ያዩታል፤ ባንድ መቀመጫ አብዝቶ መጠጣት ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት ልኩን ባንድ ጊዜ 60 ግራም ንጹሕ አልኮል ላይ አስቀምጦታል። 5 በመቶ አልኮል ያለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ይይዛል። አምስተኛውን ጠርሙስ የጨረሰ ሰው መስመሩን አልፏል ማለት ነው። በወሩ ውስጥ ሌላውን ቀን ሁሉ ውሃ ቢጠጣም ያው ነው። ለታዳጊዎች ደግሞ ልኩ ዝቅ ይላል። የአሜሪካው ብሔራዊ የአልኮል ጥናት ተቋም ከ9 እስከ 17 ዓመት ላለች ልጅ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት መጠጥ (አንዱ አንድ ጠርሙስ ቢራ ያህል ነው) መስመሩን ያሳልፋል ይላል፤ ለ14 እና ለ15 ዓመት ወንድ አራት።

ለምን ዝቅ አለ? አካላቸው ስለሚያንስ ነው፤ እሱ ግልጽ ነው። የአንጎላቸው ነገር ግን ሌላ ጣጣ አለው።

አንጎል ሁሉም ክፍሉ እኩል አይበስልም። ደስታን የሚያሳድደው ክፍል ቀድሞ ይደርሳል። ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ «ቆይ እስቲ» የሚለው ክፍል ግን የሚጠናቀቀው ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ያልተፈለጉ ግንኙነቶች እየተመለመሉ ይወገዳሉ፤ የቀሩት ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ማይሊን የተባለ ሽፋን ይለብሳሉ። ቅዳሜ ማታ የሚወርደው ቢራ የሚደርሰው እዚህ ግንባታ መሃል ነው።

አንድ ክፉ አጋጣሚም አለ። አዋቂ ሰው ሲበዛበት እንቅልፉ ይመጣል፣ እግሩ ይተሳሰርበታል፣ ያቆማል። በወጣት አይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንደሚያሳዩት ግን ለጋ አንጎል ይህ ማስጠንቀቂያ ይደክምበታል፤ ትውስታው ግን ይበልጥ ይጎዳል። «እሱ እኮ ብረት ነው፣ አይሰክርም» ተብሎ የሚሞገሰው ልጅ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ደወሉ ያልሠራለት ልጅ ነው።

ራስን መግታት እንዴት ይለካል? ልጁን ኮምፒውተር ፊት ያስቀምጡታል። ስክሪኑ ላይ ምልክቶች ብልጭ ይላሉ። በእያንዳንዱ ቁልፉን ይጫናል፤ አንዱ ምልክት ሲመጣ ብቻ እጁን ይሰበስባል። ቀላል ይመስላል። ግን መቶ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ጣቱ በራሱ ይሄዳል። ያኔ ነው ፍሬኑ የሚታየው። አሜሪካ፣ ሳን ዲዬጎ ከተማ ውስጥ ተመራማሪዎች ታዳጊዎችን መጠጥ ሳይጀምሩና ከጀመሩ ከዓመታት በኋላ ይህን እያሠሩ አንጎላቸውን በኤምአርአይ አዩት። በኋላ አብዝተው የጠጡት ልጆች ከመጀመሪያውም የአንጎላቸው ምላሽ ካልጠጡት ያነሰ ነበር። መጠጡን ከጀመሩ በኋላ ግን ያንኑ ሥራ ለመሥራት አንጎላቸው ካልጠጡት ይልቅ ይለፋ ጀመር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ «መጠጥ አንጎል ያበላሻል» ብሎ ማለፍ ቀላል ስለሆነ። ችኩሉ ልጅ ነው የሚጠጣው ወይስ መጠጡ ነው የሚያስቸኩለው? ሁለቱም ይመስላል። ፍሬኑ የላላው ቀድሞ ይጀምራል፤ የጀመረው ደግሞ ይበልጥ ይላላበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ትልቅ ክትትል ከ12 እስከ 21 ዓመት የሆናቸውን 831 ልጆች ይዞ ተነስቶ፣ አብዝተው በጠጡት ላይ የአንጎል ግራጫ ክፍል ቶሎ ሲሳሳ፣ ነጩ፣ ማይሊን የለበሰው ክፍል ደግሞ ዕድገቱ ሲዘገይ አይቷል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ልጁ ማሰብ አቃተው ማለት አይደለም።

ትኩረት ላይም ጉዳዩ እንዲሁ ረቂቅ ነው። ሌላ የሳን ዲዬጎ ጥናት ላይ፣ አንጎበር ይበልጥ የበዛባቸው ወንዶች አንድ ነገር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ማተኮር እየከበዳቸው የመሄድ ዝንባሌ ታይቶባቸዋል። ክፍል ውስጥ ይህ ብዙም አይታይም። አንዱን አንቀጽ ሦስቴ ማንበብ፣ ፈተና ላይ «አይደለም» የሚለውን ቃል ዘሎ መልስ ማጥቆር፤ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

መንስኤውን በደንብ የሚያሳዩት አይጦቹ ናቸው፤ ልጆችን በዕጣ ከፍሎ ማጠጣት አይቻልምና። በልጅነታቸው አለፍ አለፍ እያለ ብዙ አልኮል የተሰጣቸው አይጦች አድገው፣ መጠጡ ከቆመ ቆይቶ፣ ውሃ ውስጥ ተለቀቁ። የተደበቀችውን መቆሚያ ፈልገው ማግኘቱን እንደሌሎቹ ተማሩ። መቆሚያዋ ቦታ ስትቀይር ግን አሮጌው ቦታ ላይ መዞራቸውን አላቆሙም። ትኩረትን የሚያግዘውን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል የሚያመርቱት ሴሎቻቸውም ቀንሰው ተገኙ። መሮጫ ጎማ የተሰጣቸው አይጦች ላይ ግን እነዚያ ሴሎች ወደ ነበሩበት ተመልሰዋል። ሰው ላይ እንደዚያ ይሁን አይሁን አይጥ አይመሰክርም፤ ቢሆንም ደስ የሚል ወሬ ነው።

አገራችን ውስጥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ከልክሏል። ያ የዘመዴ ልጅ ግን ቢራውን የሚገዛው ከሰፈሩ ሱቅ ነው፤ ዕድሜውን የጠየቀው የለም። ቤት ውስጥም እናቱ የምትጠይቀው «ትጠጣለህ እንዴ?» ብላ ነው። እሱም «አልፎ አልፎ» ይላል። እውነቱን ነው። «ባንድ ማታ ስንት?» ያልኩት ቀን ነው ቆጥሮ የማያውቅ መሆኑ የገባው። በጣቱ ጀመረ፤ አንዱ እጁ አልበቃውም።