ወጣቱ፣ የምክር ቤት ወንበርና ሥራ፦ ከለውጡ ወዲህ የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. አደባባይ የወጣው ወጣት ሁለት ነገር አንድ ላይ ይጠይቅ ነበር፦ ሥራና ተሰሚነት። በመጋቢት 2010 አመራሩ ከተለወጠ በኋላ የምርጫ ሕጉ ተሻሻለ፣ የሲቪል ማኅበራት ሕጉ ተለወጠ፣ አዳዲስ ተቋማት ቆሙ። ስለ እነዚህ ለውጦች የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ከሕጉ ጋር አይገናኝም። በዚህ የተነሳ ወጣቱ የሌለ መብት ሲጠብቅ ያለው መብት ጊዜው ያልፍበታል።

«በፓርላማው ለወጣቶች የተለየ መቀመጫ አለ»

የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ይደነግጋል። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ የተያዘው ልዩ ውክልና ያስፈልጋቸዋል ለተባሉ አናሳ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው። በዕድሜ ተለይቶ የተያዘ አንድም ወንበር የለም። በአካባቢያችን ግን እንዲህ ያለ አሠራር ያላቸው አገሮች አሉ። የኡጋንዳ ፓርላማ 5 የወጣት ተወካዮች አሉት፤ በሩዋንዳ የተወካዮች ምክር ቤት ካሉት 80 መቀመጫዎች 2ቱ የወጣቶች ናቸው፤ በኬንያ ደግሞ ወጣቶችን፣ አካል ጉዳተኞችንና ሠራተኞችን ጨምሮ ልዩ ጥቅም ያላቸውን ክፍሎች የሚወክሉ 12 አባላት በፓርቲዎች ይሰየማሉ። እኛም ይኑረን ብሎ መከራከር ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ግን ሕግ እንዲሻሻል እንጂ ነባር ሕግ እንዲከበር የሚቀርብ አይደለም።

«የፓርቲ ወጣት ሊግ አባል ከሆንኩ ተወክያለሁ»

ብዙ ወጣት የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሊግ አባላትን ያሰባስባል፣ ያሠለጥናል፣ ለቅስቀሳ ያሰማራል። በምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው ግን ተመርጦ የገባ ሰው ብቻ ነው። በየምርጫ ክልሉ የሚያሸንፈው ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ነው፤ የአንድ ድምፅ ብልጫም ይበቃል። ፓርቲው ደጋፊ በሌለው የምርጫ ክልል የተመደበ ወጣት በዕጩዎች ዝርዝር ላይ ይቆጠራል፣ ለሪፖርት ያገለግላል፣ ምክር ቤት ግን አይገባም።

ስለዚህ ፓርቲው «ይህን ያህል ወጣት አቅርቤያለሁ» ሲል ሦስት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። ዕጩውን የሚመርጠው የአካባቢው አባላት ጉባኤ ነው ወይስ ከላይ ያለው ኮሚቴ? ወጣቱ የተመደበበት የምርጫ ክልል ፓርቲው የማሸነፍ ተስፋ ያለው ነው? የቅስቀሳ ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? የመጀመሪያው መልስ በፓርቲው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ መገኘት አለበት። ደንቡን ሳያነብ የአባልነት ቅጽ የሚሞላ ወጣት በየትኛው መንገድ ወደ ዕጩነት እንደሚደርስ ሳያውቅ ነው የሚገባው።

የራሳችንን ፓርቲ እንመሥርት ማለትም ቀላል አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት አገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ ደግሞ 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጉታል። በግል ዕጩነት መወዳደርም በሕጉ የተፈቀደ ነው።

«18 ዓመት የሞላው መምረጥም መመረጥም ይችላል»

መምረጥ አዎ፣ ለዕጩነት ግን 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ለመምረጥም ቢሆን በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ግድ ነው። ለሥራ ፍለጋ በቅርቡ ከተማ የቀየረ ወጣት ይህን ባለማወቅ በምዝገባው ቀን ይመለሳል።

«ወጣት» የሚለው ቃል ራሱ በየሰነዱ ይለያያል። የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29፣ የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ከ15 እስከ 35፣ ለወጣቶች ብድር የሚሰጠው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ደግሞ ከ18 እስከ 34 ያሉትን ይጠራል። ማመልከቻ ከመጻፍ በፊት የትኛው ዕድሜ እንደሚሠራ ማረጋገጥ ብዙ ድካም ያድናል።

«ዋናው ፓርላማ ነው፤ የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምን ያደርጋል?»

ሼድ፣ የመሸጫ ቦታ፣ የሥራ አጥ ምዝገባ፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ፦ ሥራ ፈላጊው በየቀኑ የሚያንኳኳቸው በሮች ያሉት ቀበሌና ወረዳ ነው። በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ለውድድር የቀረበው መቀመጫ ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበር። ለጀማሪ ፖለቲከኛ ከዚህ የሰፋ መማሪያ በአገሪቱ የለም። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 2005 ከተደረገው የአካባቢ ምርጫ በኋላ በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። ያኔ 12 ዓመት የነበረው ልጅ ድምፅ ለመስጠት ከደረሰ ቆይቷል። ስለ ወጣት ውክልና በሚደረግ ክርክር ሁሉ ቀድሞ መነሳት ያለበት ይህ ጉዳይ ይመስለናል፤ የሚነሳው ግን እምብዛም ነው።

«በአገራዊ ምክክሩ የተሳተፈ ወጣት ይወስናል»

በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን አጀንዳ ይሰበስባል፣ ያወያያል፣ ምክረ ሐሳብ ያቀርባል። ሕግ አያወጣም፣ በጀት አይመድብም። ከየወረዳው የሚመረጡት ተሳታፊዎች መካከል ወጣቶች አሉ። እዚያ «የሥራ አጥነት ችግር ይፈታ» ብሎ መናገር ብዙ አይፈይድም። «የአካባቢ ምርጫ በዚህ ዓመት ይካሄድ»፣ «የዕጩነት ዕድሜ ዝቅ ይበል» ዓይነት አጀንዳ ግን ተፈጸመ ወይም አልተፈጸመም ተብሎ በኋላ ሊጠየቅበት ይችላል።

«ተዘዋዋሪ ፈንዱ ለወጣቱ የተሰጠ ገንዘብ ነው»

በመስከረም 2009 ይፋ የተደረገውና በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር ፈንድ ብድር ነው። ተዘዋዋሪ የተባለውም አንዱ የመለሰው ለሌላው እንዲዞር ታስቦ ነው። የመጀመሪያው ካልመለሰ ተራ የሚጠብቀው ባዶ እጁን ይቀራል።

ብዙዎቹ ማኅበራት የሚወድቁባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ። አንደኛው ለብድር ሲባል ብቻ ስም አሰባስቦ መደራጀት ነው። ዋስትናው የእርስ በርስ ከሆነ አንዱ ወደ ዓረብ አገር ቢሄድ ዕዳው የቀሩትን ይከተላል። ከመፈረም በፊት ማን ገንዘብ እንደሚያወጣ፣ የሚለቅ አባል ድርሻውና ዕዳው ምን እንደሚሆን በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። ሌላው በአንድ ቀበሌ ያሉ ማኅበራት ሁሉ ዶሮ እርባታ ወይም ብሎኬት ምርት መግባታቸው ነው፤ የመኖው ዋጋ ይወጣል፣ የእንቁላሉ ይወርዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ብሩ ከሼዱና ከመብራቱ ቀድሞ ሲደርስ ነው፤ ማሽኑ ሳይነሳ ወለዱ መቆጠር ይጀምራል። የእፎይታ ጊዜ (ብድሩን መመለስ ከመጀመሩ በፊት የሚሰጥ ጊዜ) መኖር አለመኖሩን መጠየቅ፣ ብሩ የሚለቀቅበትን ቀን ከቦታ ርክክቡ ጋር ማያያዝ፣ ብድሩን ሁሉ ማሽን ላይ ሳያውሉ ቢያንስ ለ3 ወር የሚሆን የሥራ ማስኬጃ ማስቀረት ብዙ ማኅበራትን ያተርፋል።

«የፓርቲ አባል ካልሆኑ የመንግሥት ሥራ አይገኝም»

ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግ የተከለከለ ነው። አድልዎ የለም ማለት ግን አይደለም። የሚያሸንፈው አቤቱታ ማስረጃ ያለው ነው፦ የማስታወቂያውን ቅጂ፣ የተመዘገቡበትን ቁጥርና ቀን፣ የተለጠፈውን ውጤት ፎቶ መያዝ። መጀመሪያ ለዚያው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ መፍትሔ ካጡ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሂዱ። ለተቋሙ አቤቱታ ማቅረብ ክፍያ የለውም።

«የወጣቶች ማኅበር መንግሥት ካላቋቋመው አይሆንም»

በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አምስት ሰው ማኅበር መመሥረት ይችላል። አዋጁ የቀደመውን ሕግ የውጭ ገንዘብ ገደብ አንስቷል፤ የመራጮች ትምህርት መስጠትና ምርጫ መታዘብም ፈቅዷል። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር የሚመዘገበው በክልሉ ሕግ ነው።

እንዲህ ያለ ትንሽ ማኅበር ከሰልፍ ይልቅ በደብዳቤ ብዙ ሊያገኝ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት አካል ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። «በወረዳችን ባለፈው በጀት ዓመት ስንት ሼድ ለስንት ማኅበር ተሰጠ? በየትኛው መስፈርት?» ብሎ በቁጥር መጠየቅ ነው። ቀኑን ቆጥሮ ደብዳቤውን ማስገባትም ያስፈልጋል፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር መልሱ ለዕቅድ ክርክር እንዲደርስ ጥያቄው ቢዘገይ እስከ መጋቢት መግባት አለበት። ያስገቡበትን ቅጂ ማኅተም ያስደርጉበትና ያስቀምጡ፤ 30ው ቀን አልፎ መልስ ከሌለ ለእንባ ጠባቂ የሚቀርበው ማስረጃ እሱ ነው።