ለደከመ የመኪና ሴንሰር ማጉያ መሥራት

ጎንደር ውስጥ ጋራዥ የሚውል ሰው «ሴንሰሩ ደክሟል» የሚለውን ሳይሰማ አይመሽም። ሴንሰሩ በርግጥ ከሞተ መቀየር ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ሥራውን እየሠራ ሲግናሉ ብቻ ትንሽ ከሆነ ግን፣ ለማየት ወይም ለብቻው ጌጅ ለማስነበብ በጥቂት ዕቃ የሚሠራ ማጉያ አለ። አምፕሊፋየር ሲባል ለሰርግ የሚከራየው ትዝ ይለን ይሆናል። ይሄኛው ክብሪት ቀፎ ውስጥ ይገባል።

በተፈጥሮው ትንሽ ቮልቴጅ የሚሰጥ ሴንሰር ብዙ ነው። የኦክስጅን ሴንሰር (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው) ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት አካባቢ ነው የሚጫወተው። የሞተሩን መዞር የሚከታተለው የክራንክ ሴንሰር (የድሮው ዓይነት) ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ ጥርስ ያለው የብረት ጎማ በፊቱ ሲያልፍ ኤሲ (ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ቮልቴጅ) ያመነጫል፣ ሞተሩ ሲፈጥን ቮልቴጁም አብሮ ይወጣል፣ ሞተሪኖ (ማስነሻው) እያዞረው ግን ከ1 ቮልት በታች ሊሆን ይችላል።

ለማጉያው የሚበቃው ኤልኤም358 የሚባለው ባለ 8 እግር ቺፕ ነው። ርካሽ ነው፣ ከ3 እስከ 32 ቮልት ይሠራል፣ ውስጡ ሁለት ማጉያ አለው። ሲግናሉን ፕላስ መግቢያው ላይ ታስገባለህ። ከመውጫው ወደ ማይነሱ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከማይነሱ ወደ ማሳ (የባትሪው ኔጋቲቭ) ደግሞ 10 ኪሎ ኦም። ትልቁን ለትንሹ አካፍለህ 1 ስትጨምር 11 ይመጣል፤ 0.2 ቮልት 2.2 ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፦ ቺፑን 5 ቮልት ብታበላው መውጫው 3.5 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። የኦክስጅን ሴንሰርን በ11 ላባዛ ካልክ ጫፉ ይቆረጥብሃል፤ ለእሱ 3 እጥፍ ይበቃል።

የክራንኩ ሲግናል ከዜሮ በታችም ስለሚወርድ መግቢያው ላይ ሬዚስተርና መከላከያ ዳዮድ ይፈልጋል። ጥርስ ለመቁጠር ብቻ ከሆነ እንዲያውም ኤልኤም393 ይሻላል። እሱ አያጎላም፣ «አለ» ወይም «የለም» ነው የሚለው። መውጫው ወደ ታች ብቻ ስለሚስብ ወደ 5 ቮልት የሚያነሳው ሬዚስተር አትርሳ።

ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪ አትስጠው። ዲናሞው ሲሠራ 14 ቮልት አካባቢ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ቺፕ የሚገድል ምት ይልካል። መግቢያው ላይ ምት የሚውጥ ዳዮድ፣ ቀጥሎ 7805 (ቮልቴጁን 5 ላይ የሚያቆመው ቺፕ)፣ ከዚያ ቺፑ እግር ሥር 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። ሽቦው የብረት መረብ ሽፋን ያለው ይሁን፣ ሽፋኑም በአንድ ጫፍ ብቻ ማሳ ይያዝ። ማጉያ ምርጫ አያውቅም፤ የዲናሞውን ጩኸትም 11 እጥፍ ያደርግልሃል።

አደራ፣ ማጉያውን በሴንሰሩና በመኪናው ኮምፒውተር መሃል አትሰካው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ልክ ነው። የኦክስጅኑን ብታጎላበት ነዳጅ በዝቷል ብሎ ይቀንሳል፣ መኪናው አቅም ያጣል።

አንድ ጊዜ የአዘዞ መስመር ሚኒባስ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለ። ሞተሪኖ እየዞረ የክራንክ ሴንሰሩን በቴስተር ኤሲ ላይ ለካሁት፣ 0.3 ቮልት። ማታውን ለመፈተሻ ማጉያ ስበይድ አመሸሁ። በማግስቱ ሴንሰሩን ስንፈታው ማግኔቱ ጫፍ ላይ የብረት ዱቄት ጢም አብቅሏል! በጨርቅ ጠርገን መለስነው፣ ወዲያው ተነሳ። ሾፌሩ ከጋበዘኝ ቡና ይልቅ ሳቁ ነው ትዝ የሚለኝ።

ጎንደር ላይ ደግሞ ለብቻው የሚያሳስት አለ፣ የአየር ግፊት ሴንሰር። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ ባሕር ጠለል ላይ 100 ኪሎፓስካል አካባቢ ማንበብ አለበት ይላል ማኑዋሉ። ከተማችን ግን ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ወደ 78 ነው የሚያነበው። ቮልቴጁም በዚያው ልክ ያንሳል። ይህን አይቶ ሴንሰር ያስቀየረ ሰው አውቃለሁ፤ አዲሱም ያንኑ አነበበ። መኪናው ጭኖ ወደ መተማ ሲወርድ ቁጥሩ በራሱ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ሲመለስ ደግሞ ይወርዳል።