የሕክምና መሣሪያዎችን ከኤሌክትሮማግኔቲክ ጣልቃ ገብነትና ከስታቲክ ኤሌክትሪክ ጉዳት መከላከል

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ከአካባቢው በሁለት መንገድ ሊታወክ ይችላል። አንደኛው ከሞባይል ስልክ፣ ከሬዲዮ መገናኛ፣ ከሞተርና ከኃይል መስመር የሚመነጭ የኤሌክትሮማግኔቲክ ጣልቃ ገብነት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ምንጩ ሲርቅ ወይም ሲጠፋ ችግሩም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው በሰው አካል ወይም በዕቃ ላይ የተጠራቀመ ስታቲክ ኤሌክትሪክ በቅጽበት ወደ መሣሪያው ሲፈስ የሚደርሰው ጉዳት ነው፤ ይኸኛው የውስጥ ክፍሎችን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ይችላል። ሁለቱንም አሳሳቢ የሚያደርጋቸው መሣሪያው ሳይቆም የተሳሳተ መረጃ ሊያሳይ መቻሉ ነው። የቆመ መሣሪያ ወዲያው ይለወጣል፤ እየሠራ የሚያሳስት ግን ይታመናል።

የተጋላጭነቱ መነሻ መሣሪያዎቹ የሚለኩት ምልክት ደካማነት ነው። ኢሲጂ የሚመዘግበው የልብ ምልክት 1 ሚሊቮልት ያህል ሲሆን፣ የአንጎል ምልክት ደግሞ በማይክሮቮልት የሚለካ ነው። በሕመምተኛው ደረት ላይ የተለጠፉት ኤሌክትሮዶች ጄላቸው ደርቆ ከቆዳ ጋር በደንብ ካልተገናኙ፣ ኬብሎቹ እንደ አንቴና ሆነው የግድግዳውን ኃይል መስመር 50 ወይም 60 ኸርዝ ሞገድ ይስባሉ፤ ቀጭን የነበረው የሞኒተሩ መስመርም ወፍሮ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። እንዲህ ያለው መዛባት የልብ ምት መታወክ መስሎ የሚታይበት ጊዜ ስላለ፣ ከመድኃኒት በፊት ሕመምተኛውን መመልከትና የእጁን የደም ምት መዳሰስ ይገባል። ቆዳውን አጽድቶ ኤሌክትሮዱን መለወጥና የኢሲጂውን ኬብል ከኃይል ገመዶች ማራቅ ብቻውን ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጉዳዩ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚነገር አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚነዱ ተሽከርካሪ ወንበሮች በሬዲዮ ሞገድ ምክንያት ሳይታዘዙ መንቀሳቀሳቸው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያነጋገረ ጉዳይ ነበር። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ደግሞ ዕቃን በሬዲዮ የሚለዩ መሣሪያዎችን በ41 የሕክምና መሣሪያዎች አጠገብ ሞክሮ፣ ከ123 ሙከራዎች በ34ቱ ጣልቃ ገብነት አግኝቷል፤ ከእነዚህም 22ቱ አደገኛ ተብለው ተመድበዋል።

ርቀት ከመከላከያዎች ሁሉ ርካሹና አስተማማኙ ነው። ከአስተላላፊው በቂ ርቀት ላይ፣ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሞገዱ የመስክ ጥንካሬ በግማሽ ይቀንሳል። ፔስሜከር (የልብ ምትን የሚያስተካክል መሣሪያ) የተተከለለት ሰው ስልኩን ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ከደረቱ እንዲያርቅ የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ በአንዳንድ ስልኮች ውስጥ ያለው ጠንካራ ማግኔትም የፔስሜከሩን አሠራር ሊለውጥ ይችላል። ማራቅ የማይቻልበት ሁኔታ ግን አለ። በቀዶ ሕክምና ወቅት ኮተሪ (በኤሌክትሪክ ሥጋ የሚቆርጥና ደም የሚያቆም መሣሪያ) የሚያመነጨውን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ፔስሜከሩ የልብ ምት መስሎት ሥራውን ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ የኮተሪው መመለሻ ፕሌት የኤሌክትሪኩ መንገድ በፔስሜከሩ በኩል በማያልፍበት ቦታ ይለጠፋል፣ ኮተሪውም በአጫጭር ጊዜ እየተቆራረጠ ይሠራበታል። የኤምአርአይ ክፍል ደግሞ ከውጭ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ምስሉን እንዳያበላሽ ዙሪያውን በመዳብ ወይም በሌላ ብረት ይከለላል።

ወደ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስንመጣ፣ ሰው ብልጭታው የሚሰማው ከ3,000 ቮልት አካባቢ ጀምሮ ሲሆን፣ ስሱ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ግን ከ100 ቮልት በታች ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ጉዳት ያደረሰው ሰው ምንም ሳይሰማው ሊያልፍ ይችላል። በደረቅ አየር ምንጣፍ ላይ መራመድ ብቻውን ከ10,000 ቮልት በላይ ሊያጠራቅም ሲችል፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን መጠኑ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ከሁሉ የከፋው የተደበቀ ጉዳት ነው፤ ክፍሉ በከፊል ተጎድቶ ፍተሻውን ያልፍና ከሳምንታት በኋላ በሕመምተኛው አጠገብ እያለ ይበላሻል።

መሣሪያ የሚከፍት የጥገና ባለሙያ በእጅ አንጓው ላይ ከመሬት ጋር የተገናኘ ማሰሪያ ያደርጋል። በማሰሪያው ውስጥ ያለው 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ባለሙያው ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ በስሕተት ቢነካ በአካሉ የሚያልፈውን መጠን ይገድባል፤ ስለዚህ ማሰሪያውን በተራ ሽቦ መተካት አደገኛ ነው። ሰርኪዩት ቦርድ ከጸረ ስታቲክ ከረጢቱ የሚወጣው በተዘጋጀለት ምንጣፍ ላይ ሲሆን፣ የሚያዝም በጠርዙ ነው። ፕላስቲክን መሬት በማስያዝ ስታቲኩን ማስወጣት ስለማይቻል፣ ከሥራ ቦታው ማራቅ ወይም ስታቲኩን በሚያከሽፍ አዮን ማመንጫ አየሩን ማከም ያስፈልጋል። በነርሶች በኩል ደግሞ የስታቲክ ማስጠንቀቂያ ምልክት ያለበትን የኬብል መሰኪያ ፒን በጣት አለመንካት ያሻል።

አምራቾች የሚመሩት አይኢሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) ባወጣው 60601-1-2 በተባለው መስፈርት ነው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አራተኛ እትሙ መሣሪያው በንክኪ 8,000፣ በአየር ደግሞ 15,000 ቮልት ብልጭታ እንዲቋቋም ይጠይቃል። ይሁንና ፍተሻው የተደረገው ባልተነካካ ናሙና ላይ ነው። ከጥገና በኋላ የቀረ የክዳን ብሎን፣ የተላጠ የኬብል መከለያ ወይም ተመሳስሎ የተገዛ ኬብል ያንን ጥበቃ ሊያፈርስ ይችላል።

ጣልቃ ገብነት ሲጠረጠር በቅድሚያ ሕመምተኛው ከአደጋ ውጭ መሆኑ ይረጋገጣል፣ አስፈላጊ ከሆነም መሣሪያው በሌላ ይተካል። ከዚያ ሰዓቱ፣ መሣሪያው የቆመበት ቦታና በዚያ ቅጽበት በአቅራቢያው ሲሠራ የነበረው ሁሉ ይመዘገባል፤ ለሕመምተኛ አስፈላጊ ያልሆኑት ዕቃዎችም አንድ በአንድ እየጠፉ ምንጩ ይፈለጋል። ሞኒተሩ ላይ የሚታየውን መዛባት ለማጥፋት ብሎ የመሬት መስመሩን መንቀል ግን ሕመምተኛውን ለኤሌክትሪክ አደጋ ስለሚያጋልጥ ፈጽሞ አይፈቀድም።