«መልሶ መሳል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጅማ ውስጥ ሥዕል የማስተምራቸው ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ድንቅነሽ በእውነት እንዲህ ነበር የምትመስለው?» ግራ የሚያጋባቸው «መልሶ መሳል» የሚለው አነጋገር ነው፤ ትርጉሙ ከተገኘው አጥንት ተነስቶ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ምን ይመስል እንደነበር መሳል ነው።

የጅማ በርጩማ ጠራቢ የተሰበረ እግር አይቶ የጎደለውን መገመት ይችላል፤ መልሶ መሳልም እንደዚያው ነው። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ቦታ ከተገኘችው ድንቅነሽ የተረፈው ከአጽሟ 40 ከመቶ ያህሉ ነው። ዳሌዋና ጉልበቷ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ያሳያሉ፤ ይህ ማስረጃ ነው። ከራስ ቅሏ ግን ከታችኛው መንጋጋ ሌላ የተገኘው ስብርባሪ ብቻ ስለሆነ፣ ፊቷ የሚሳለው ከሌሎች የዝርያዋ አባላት ቅሪተ አካል ተወስዶ ነው። የጡንቻ መጠንን አጥንት ላይ የቀሩ ምልክቶች ይጠቁማሉ። የቆዳዋና የዓይኗ ቀለም የሠዓሊው ግምት ነው፤ አጥንት ይህን አይናገርም።

ስለዚህ ልጆቹን ቀለም ከማስነካቴ በፊት አጥንቱን በእርሳስ አስነድፋቸዋለሁ።