ከጦር ካምፕ ወደ ምክር ቤት፦ በጅማ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዕድሜውን በውትድርና ያሳለፈ ሰው ወደ ከተማ አስተዳደር ከዚያም ወደ አገር ፖለቲካ ሲገባ ማየት ለጅማ ሰው እንግዳ አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የተወለዱት እዚሁ ዞን በሻሻ ሲሆን፣ በሠራዊቱ ውስጥ እስከ ሌተና ኮሎኔልነት ደርሰው በ2002 ምርጫ አጋሮን ወክለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገብተዋል። ስለዚህ ይመስለኛል ቡና ላይ ወሬው በተነሳ ቁጥር ሁሉም አዋቂ የሚሆነው፤ ከሚባለው ግን ብዙው ከእውነቱ የራቀ ነው።

«ወታደር የነበረ ሰው ፖለቲካ ውስጥ እንዳይገባ ሕግ ይከለክላል።»
የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ሥራውን እንዲያከናውን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል እንዲሆን ያዝዛል። እገዳው በሠራዊቱ ላይ እንጂ በሰውየው ዜግነት ላይ አይደለም። በሥራ ላይ ያለ ወታደር የፓርቲ አባል መሆን አይችልም፤ ለመወዳደር ሲፈልግም አስቀድሞ ሥራውን መልቀቅ አለበት። ድምፅ የመስጠት መብቱ ግን የደንብ ልብሱን እንደለበሰም አይቀርበትም።

«ማዕረጉ ከፍ ያለ ብቻ ነው የሚሳካለት።»
ለዚህ መልሱ የመቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። በ1950ዎቹ የንጉሡ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት የነበረውን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በፕሬዚዳንትነት የመሩት፣ ከ1994 እስከ 2006 ደግሞ የአገሪቱ ርእሰ ብሔር የነበሩት እኚህ ሰው እስከ መጨረሻው የተጠሩት በዚያው በመቶ አለቅነት ነው። በአንጻሩ ጄኔራል አማን አንዶም በንጉሡ ዘመን ወደ ላይኛው፣ ወደ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የተዛወሩት ከጦሩ እንዲርቁ ተብሎ ስለነበር፣ የምክር ቤት ወንበር ሁልጊዜ እድገት ነው ማለትም አይቻልም።

«ትእዛዝ የለመደ ሰው ከተማን ቶሎ ያስተካክላል።»
ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተውም እርሱ ይመስለኛል። በሰፈራችን የቀበሌ ምክር ቤት አባል ሆነው የተመረጡ አንድ ጡረተኛ ሻለቃ አሉ። ክረምት ሲገባ በቆሻሻ የተደፈነውን የፍሳሽ ቦይ ለማስጠረግ ነዋሪውን ሰብስበው «ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሁላችሁም አካፋ ይዛችሁ ትገኛላችሁ» ብለው ተነሱ። ቅዳሜ የተገኙት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እኔ ስሆን አካፋ አልያዝኩም። በሳምንቱ ሻለቃው እድሩ ዘንድ ሄደው ተቀመጡ፤ ቦዩ ዳር ጉሊት የሚሸጡት ሴቶች ለዚያ ቀን ዕቃቸውን የት እንደሚያዛውሩ ጠየቋቸው፤ የእድሩ ዳኛ ደግሞ የቆሻሻው ማንሻ መኪና ሳይታወቅ ቦይ መጥረግ ጭቃውን ከቦዩ አውጥቶ መንገድ ላይ መከመር እንደሆነ ነገሯቸው። ሥራው ሦስት ሳምንት ዘገየ፣ ሰው ግን ወጣ። ከንቲባ የሚሆን ወታደርም የሚገጥመው ይኸው ነው፤ በጀቱን የሚያጸድቅለት የከተማው ምክር ቤት ስለሆነ፣ የመጀመሪያ ሥራው ማዘዝ ሳይሆን ማሳመን ይሆናል። ውትድርና የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፦ ስንቅና ትራንስፖርት ማደራጀት፣ ሰዓት ማክበር፣ የተሰጠን ንብረት ቆጥሮ ማስረከብ።

«ወታደር ሥልጣን ከያዘ ወታደራዊ መንግሥት ነው፤ ልብሱን ከቀየረ ደግሞ ሲቪል ነው።»
ሁለቱም ልክ አይደሉም። በ1980 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲታወጅ የደርጉ ሊቀ መንበር ፕሬዚዳንት ተባሉ፤ ሰውየው ግን ያው ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበሩ፤ የሚጠይቃቸውም ሆነ የሚያወርዳቸው አካል አልነበረም። መታየት ያለበት የተሿሚው የቀድሞ ሙያ ሳይሆን የሾመው አካል መልሶ ሊሽረው መቻሉ ነው። የእኛን ሻለቃ የቀበሌው ምክር ቤት ባለፈው ስብሰባ ስለ ቦዩ ወጪ ደረሰኝ ጠይቋቸው፣ ከኪሳቸው አውጥተው አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደርድረውታል።